ግዛቸው ፍሪምባ አጭሰው በበርገር ላይ የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ ግዛቸው በማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ባለ ሁለት ጋራዥ ቤት በገቡ በአራተኛው ዓመት፣ ሥጋ ማጨሻው ጥቁሩ ስሞከር በጓሯቸው በነገሠ በሁለተኛው ክረምት፣ ፀሐይ በላስ ቬጋስ ላይ ያለ ርኅራኄ በሠለጠነችበት በወርኃ ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታበት ዕለት የሆነውን ነገር ንጽሕፍ ዜናሁ ለግዛቸው፣ ሥዩመ ፍሕም፣ መስፍነ ጓሮ፣ ከፋሌ ካርታ ዘካዚኖ፣ ከሌሊት ሺፍት ተመልሰው እንኳ የሥጋ መቆንጠጫቸውን ከእጃቸው የማይለዩ። ያየነውን በዓይናችን አይተን እንጽፋለን፤ ያላየነውንም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ብርቅታይት ጠይቀን እንጽፋለን፤ እሳቸው አይዋሹምና፣ ይልቁንም ነገሩ ባላቸውን የሚያሳጣ ሲሆን።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነበር። ግዛቸው ሐሌሉያ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን እንደ ጠበበ ጫማ እየታገለች የምትናገር፣ በማግስቱም ሬኖ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሻንጣዋን በር ላይ ያቆመች። ይህች ልጅ በምድር ካለው መብል ሁሉ አብልጣ የምትወደው፣ በብሉ ዳይመንድ መንገድ ዳር ካለች ቤት በመስኮት የሚታደለውን፣ በወረቀት የተጠቀለለውን በርገር ነበር። በርገሩንም ያስለመዷት ሌላ ማንም አይደለም፤ ራሳቸው ግዛቸው ናቸው። ትንሽ ሳለች እናቷ ቀን፣ እሳቸው ሌሊት ይሠሩ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት አንሥተው እዚያው ቶዮታቸው ውስጥ ያበሏት ነበር። አሁን ልትሄድ ስትል፣ ልጄን በወረቀት ከረጢት አሳደግኋት፣ ከአባቷ እጅ አንድ ደህና ምግብ ሳትቀምስ ከቤቴ ልትወጣ ነው ብለው አፈሩ፤ እንቅልፍም አጡ።

ስለዚህ ቆርጠው ተነሡና፣ በቬጋስ ሐበሾች ማኅበር የቴሌግራም ግሩፕ እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ፍልሰታ በተፈታ ዕለት፣ በቀን ስድስት ሰዓት ከቤቴ ተገኝ! በገዛ እጄ ፍሪምባ አጭሼ ልጄን አበላለሁ። እርሷም ቀምሳ ከበርገሯ ይበልጣል ካላለች፣ እኔ ግዛቸው ሁለተኛ በርገርን በክፉ አላነሣም፤ ስሞከሬንም ለተፈሪ አስረክባለሁ!»

ይህን ባነበቡ ጊዜ፣ ፊታውራሪ ብለን የምንጠራቸው፣ የሊሙዚን ነጂው ተፈሪ፣ ከጓሯቸው ላይ ለስሞከሩ የሚሆን ቦታ ለኩ።

እዚህ ላይ ታላቁን ስሕተት ሳንደብቅ እንጻፍ። ፍሪምባ ማለት የበሬ ደረት ነው፤ ደንዳና ነው፤ በቀስታ ጭስ ውሎ ካላደረ አይረታም። በዋዜማው ማታ እሳት ላይ መጣድ ነበረበት። ነገር ግን ግዛቸው በልባቸው የሐበሻን ቀጠሮ አሰሉ። ስድስት ሰዓት የተጠራ ሐበሻ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን መቼ መጥቶ ያውቃል አሉ። በሠርግም አይተዋል፣ በክርስትናም አይተዋል፣ በራሳቸው ሠርግ ላይ ሙሽራው ራሳቸው አርፍደዋል። እናም ሌሊቱን ሺፍታቸውን ሠርተው፣ ጠዋት ተመልሰው፣ ፍሪምባውን በጨውና በቁንዶ በርበሬ አሽተው፣ ሚጥሚጣ ነስንሰው፣ መስኪት በሚባል የበረሃ እንጨት ጭስ ላይ አስተኝተው፣ ክዳኑን ዘግተው፣ የሙቀት መለኪያውን ሽቦ ሰክተው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አይ ግዛቸው! ሁሉን አሰሉና አንዲቷን ነገር ረሱ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽሮ ሲበላ የከረመ ሐበሻ፣ ሥጋ ወዳለበት ቤት አያረፍድም።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። በመጀመሪያ የገቡት እማማ እታፈራሁ፣ የወይዘሮ ብርቅታይት እናት፣ ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ፊታውራሪ ተፈሪ በረዶ የሞላ ሣጥን በትከሻቸው ተሸክመው። ከዚያም መዘምራኑ፣ ከዚያም የሆቴል አልጋ አንጣፊዎቹ፣ ከዚያም የታክሲ ነጂዎቹ፣ ከዚያም የነርሶቹ ጭፍራ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ፣ ከዚያም ከቦልደር ሲቲ ድረስ የመጡ፣ ማን እንደጠራቸው እስከ ዛሬ ያልታወቀ ባልና ሚስት፤ በስተኋላም ከሰላምታና ከረኃብ በቀር ምንም ሳይዙ የመጡት፣ እነሱ ከሁሉ ይበዙ ነበር። ግዛቸው ይህን ባዩ ጊዜ ፈጥነው፣ ክዳኑ ላይ ይህን አዋጅ በፕላስተር ለጠፉ፦

«ይህን ክዳን የከፈተ ሙቀት አባራሪ ነው! ከሰው ሁሉ በኋላ ይበላል!»

እማማ እታፈራሁ መነጽራቸውን ስላልያዙ አዋጁን አላነበቡም፤ ቢያነቡም ኖሮ አይመለከታቸውም ነበር። በስሞከሩ ፊት ቆመው የራሳቸውን አዋጅ አሰሙ፦

«ምግብ ተከድኖ አይባረክም! ክፈቱልኝማ፣ ልጄ!»

የትኛው አማች ነው እምቢ የሚል? በካዚኖ ገበታ ላይ የሰከረ ቁማርተኛ በዓይናቸው ብቻ የሚያስቀምጡት ግዛቸው፣ በእማማ ፊት ግን አንገታቸውን ደፍተው ክዳኑን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። እማማም ፍሪምባውን ባረኩ፤ ቤቱን ባረኩ፤ ሐሌሉያን ባረኩ፤ የሬኖን ከተማ ከነዳርቻዋ ባረኩ፤ ምርቃቱ እስኪያልቅ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሰማይ ዐረገ። እማማ ዘወር ሲሉ ፊታውራሪ ተፈሪ ምክር ለመስጠት ከፈቱ። መዘምራኑ ከፍተው እልል አሉ። ነርሶቹ ትንፋሽ ያለው ይመስል ተራ በተራ ጎንበስ ብለው አዩት። የቦልደር ሲቲዎቹ ባልና ሚስት ፎቶ ሊያነሡት ከፈቱ፤ ፎቶው ጭስ ሆኖ ስለወጣ ደግመው ከፈቱ። እንግዳ ነውና ማን ይከለክለዋል? መለኪያውም ከግማሽ መንገድ ላይ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቆመ፤ ቆይቶም ወደ ኋላ ሄደ።

ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ባዘነበለ ጊዜ ችጋር በሠራዊቱ ላይ ወደቀ። ሕፃናቱ ጮኹ፤ መዘምራኑ ድምፃቸው ሰለለ፤ የፊታውራሪ ተፈሪ በረዶ ቀለጠ። ግዛቸው በላብ ተዘፍቀው፣ አንድ ጊዜ መለኪያውን፣ አንድ ጊዜ የልጃቸውን ሻንጣ ያዩ ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሮ ብርቅታይት ከወጥ ቤት ወጥተው፣ ጭልፋቸውን አንሥተው ይህን አወጁ፦

«በቤቴ በረኃብ የሚወድቅ ሰው አላይም! ግዛቸው፣ የመኪናህን ቁልፍ አንሣ! ሁላችሁም ተነሡ፣ በርገር ቤት!»

ያ ቃል ግዛቸውን እንዴት እንዳቃጠላቸው ብዕራችን አይችለውም። ሊወጉት ወደ ተነሡበት ጠላት ደጅ ለመማጸን ሄዱ። መዘምራኑና እማማ በፊታውራሪ ተፈሪ ሊሙዚን፣ የቀሩት በየመኪናቸው፣ ግዛቸውና ሐሌሉያ ግን በዚያች በአሮጌዋ ቶዮታ፣ በቀድሞ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ከፊት ቀደሙ። በጓሮው ውስጥ ስሞከሩ ብቻውን ቀረ።

ግዛቸው ከመኪና ሳይወርዱ በሚታዘዝበት በድራይቭ ስሩው ድምፅ ማጉያ ፊት ቆመው፣ ለሠራዊቱ ሁሉ በገዛ አፋቸው በርገር አዘዙ። ከዚያም መኪናቸውን ጥላ ሥር ፓርክ አድርገው፣ የሐሌሉያን በርገር ከከረጢቱ አወጡ። ምን እንደሚያደርጉ ሳያስቡ፣ እጃቸው ራሱ ወረቀቱን ገለጠ፤ ፒክሉን፣ ያን በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ የኪያር ቁራጭ፣ አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ አፋቸው ከተተ፤ ዳቦውን መልሶ ገጠመ፤ ወረቀቱን እስከ ወገቡ አጥፎ ለልጅቷ ሰጠ። ሐሌሉያ ፒክል አትወድም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነበር የሚሰጧት። እርሷም በርገሩን ይዛ አወጀች፦

«አባዬ፣ ስማ፣ አዋጅ ነው! እኔ ይሄን በርገር ላይክ የማደርገው ለሥጋው አይደለም። ስኩል ሲያልቅ አንተ ትመጣለህ። ዓይንህ ቀይ ነው፣ አልተኛህም። ግን ፒክሉን ታወጣለህ። ሬኖ ላይ ፒክሌን ማን ይበላል?»

ግዛቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጭሱ ነው!» ብለው አወጁ። በመኪናው ውስጥ ጭስ አልነበረም።

የበርገሩ ሰልፍ ረዝሞ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ቤት በተመለሱ ጊዜ ተአምር ጠበቃቸው። የሚባርከው፣ የሚመክረው፣ ፎቶ የሚያነሣው ሁሉ በርገር ቤት ስለዋለ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ውሎ፣ ፍሪምባው በሰላም በስሎ ነበር። ቢላዋው ሲነካው ተንቀጠቀጠ፤ ስቡ እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ሽታው ጎረቤቶቹን ከየቤታቸው አስወጣ። ነገር ግን ወዮ! የሚበላው ጠፋ። ሠራዊቱ ሁሉ በበርገር ጠግቦ ሆዱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። እማማ ብቻ ለበረከት ብለው ቀመሱ፤ በረከቱንም ደጋገሙት።

ሁሉም ዓይኑን በሐሌሉያ ላይ ጣለ። ፊታውራሪ ተፈሪም ስሞከሩን የሚጭኑበት ገመድ እጃቸው ላይ ነበር። እርሷ ግን ከበርገሯ ያስተረፈችውን ዳቦ ከፍታ፣ ከፍሪምባው አንድ ወፍራም ቁራጭ አኖረችበት፤ ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ደግማ ቀመሰች፤ ከዚያም ወንበር ላይ ቆመች፦

«ፍሪምባው ዊን አደረገ! በርገሩ ግን የእኔና የአባዬ ነው፤ ማንም በክፉ አያንሣው!»

እልልታው ኢንስፒራዳ የተባለው ሩቅ ሰፈር ድረስ ተሰማ ይላሉ፤ እኛ ያን ያህል አንልም። ፊታውራሪ ተፈሪ ገመዳቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ሐሌሉያም ከወንበሯ ወርዳ፣ ፍሪጁን ከፍታ፣ አንድ ፒክል አወጣችና በዚያ ዳቦ ውስጥ ጨመረች፤ በሁለት እጇም ይዛ ለአባቷ አቀረበች። እሳቸውም ፒክሉን አወጡላት፤ በሉትም።

የቀረው ፍሪምባ በፎይል ተጠቅልሎ ከሻንጣዋ ተከተተ፤ በማግስቱም ሬኖ ገባ። እንግዲህ ምስጋና ይገባቸዋል ለግዛቸው፣ ሥዩመ ፍሕም፣ መስፍነ ጓሮ፣ ጠላታቸውን በርገርን ወግተው ለታረቁት፣ እማማን ሳያስቀይሙ ፍሪምባ ላበሰሉት፤ ስማቸው በማውንተንስ ኤጅና በብሉ ዳይመንድ መንገድ ዳር ሁሉ ከፍ ከፍ ይበል፣ ጭሳቸው አይጥፋ፣ ክዳናቸው አይከፈት፤ ልጃቸው ከሬኖ በተመለሰች ቁጥር በአሮጌዋ ቶዮታ ውስጥ ስፍራቸው ይጠበቅላቸው፤ ለግዛቸው ዘማውንተንስ ኤጅ፣ አበ ሐሌሉያ፣ በላዔ ፒክል።