አጎቴ ቶንግ ያላመኑት ጅራት

በየመንደሩ ፀሐይ በየት በኩል እንደወጣች ሳያጣራ «ደህና አደራችሁ» የማይል አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ መንደር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አጎቴ ቶንግ ናቸው። አጎቴ የምላቸው ዘመዴ ሆነው አይደለም፤ የአባቴ የልብ ጓደኛ ስለነበሩ ነው።

የሊያኦኒንግ ግዛት ኮረብታችን ድንጋይ ተነባብሮ የተቀመጠ ነው። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ መዶሻ ይዘን ወጥተን ስንሰነጥቀው በውስጡ ከጥንት ጀምሮ ድንጋይ የሆነ ዓሣ፣ ዕድል ከቀናም ላባ ያለው ዳይኖሰር ተጋድሞ እናገኛለን። ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ አይወጣም። እግር ለጎደለው ከሌላ ድንጋይ እግር፣ ጅራት ለጎደለው ጅራት መለጠፍ ድሮ ሱሪ እንደመጣፍ ይታይ ነበር። በኋላ ምሁራኑ መጥተው ማጭበርበር ነው አሉን።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ቶንግ ምንም ነገር ሳይልሱ አያምኑም። እውነተኛ አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ «ምላስ አይዋሽም» ይላሉ። የሐኪም ኪኒንም ልሰዋል፣ አዲሱን የአውቶቡስ ፌርማታ ምሰሶም ልሰዋል። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሙሉው ዓሣ ሲቀርብ ጎንበስ ብለው «ጭራው የራሱ ነው?» ብለው ወጥ ቤቱን አስቀየሙት።

ዶሮ ከዳይኖሰር ነው የመጣችው ስላቸው «ማን አየ?» አሉኝ። ዶሯቸውን በብብታቸው ይዘው መጥተው እግሯን ከድንጋዩ እግር ጋር ሲያስተያዩ ዋሉ። በመጨረሻ «ትመስላለች» አሉ፤ «መምሰል ግን ማን ያቅተዋል?»

አባቴ፣ ባይ ዴሹን፣ በጸደይ ሲሞት አንድ ድንጋይ ትቶልኝ ሄደ፤ ቁራ የሚያክል፣ ላባው የሚቆጠር ዳይኖሰር ያለበት። የከተማው ቤተ መዘክር የአባቴን ስም ጽፎ ሊሰቅለው ተስማማ። ለእኔ ከአባቴ የቀረኝ ያ ስም ነው። የቤተ መዘክሩ ተመራማሪ ዶክተር ሚያኦ ልትመረምረው ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀር፣ አጎቴ ቶንግ ሳይጠሩ መጥተው ድንጋዩን ላሱት። ደግመው ላሱት።

«ጅራቱ የሌላ ነው» አሉ።

«አባቴንም ጠረጠሩት?»

«ምን እጠረጥረዋለሁ፣ እጁን እያወቅሁት! ግራኝ ነበር። ሙጫው ወደ ግራ ተጎትቷል፤ ይኸው ተመልከቺ።»

ተመለከትኩ። አለቀስኩም። የአባቴ ስም ከአጭበርባሪዎች ጋር ሊነሳ ነው። አጎቴ ቶንግ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

በማግስቱ ዶክተር ሚያኦ በአጉሊ መነጽሯ ረጅም ጊዜ አቀርቅራ ቆየች። «አካሉ እውነተኛ ነው፤ ላባውም። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ጅራቱን ግን ማነው የለጠፈው?»



«እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ ቶንግ ከበሩ። «ዴሹን ሳያውቅ።»

ዶክተሯ ሙጫውን አየች፣ ኮፍያቸውን የያዙበትን ቀኝ እጅ አየች። «እርግጠኛ ነዎት አባባ? ይህ የግራኝ ሥራ ይመስላል።»

የአጎቴ ቶንግ ፊት ቀላ። «በዚህ ሽበቴ አላምንህም ትይኛለሽ? የዛሬ ልጆች ምን ነክቷችኋል? ሰው የሚባል አታምኑም!»

ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር በጎመን የተሞላ የሊጥ ጥቅል አቀረብኩ። አጎቴ ቶንግ ዶክተሯን በጎን እያዩ የመብያ እንጨታቸውን በግራ እጃቸው አነሱ። የመጀመሪያው ጥቅል ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ሦስተኛውን ሲታገሉት ላብ አጠመቃቸው፤ እጅ ግን አልቀየሩም።

ዶክተር ሚያኦ ጥቂት አየቻቸውና ማስታወሻዋን አወጣች። «ያገኘው፦ ባይ ዴሹን» ብላ ጻፈች፤ «ጅራቱ ተላቆ ይነሳ» ብላ ጨመረችና ዘጋችው።

እኔም ሳህኑን ወደ አጎቴ ቶንግ ግራ እጅ ጠጋ አደረግሁላቸው።