ከፊሊፒንስ የተዋስነው የወጣቶች ምክር ቤት ደንብ

ቀን፦ ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ማርች 11 ቀን 2017
ቦታ፦ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን፣ በሰፈሩ ቡርትሀይስ፣ ማለትም በነዋሪዎች መሰብሰቢያ፣ ምድር ቤት (ላይኛውን አዳራሽ ዮጋ የሚማሩት ቀድመው ስለያዙት)

የተገኙ አባላት፦
አቶ አድማሴ፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበሩ ሊቀመንበር
ወ/ሮ ብዙወርቅ፣ ምክትል ሊቀመንበር
አቶ ማንደፍሮ፣ የወጣቶች ተጠሪ
አስራት፣ ጸሐፊ

በእንግድነት የተገኙ፦
ወ/ሮ ማሪሴል፣ ፊሊፒናዊት፣ ከወ/ሮ ብዙወርቅ ጋር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ
ሐምራዊት፣ የወ/ሮ ብዙወርቅ ልጅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ

ያልተገኙ፦ አቶ ባዩ። ከሮተርዳም ዙይድ የሚያመጣ ሜትሮ አጣሁ ብለው ደውለዋል። ወ/ሮ ማሪሴል ከዚያው ሰፈር በሜትሮ መጥተዋል።

ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ በገና ዝግጅታችን ላይ እናቷን ልታደርስ ከመጣችው ከሐምራዊት በቀር አንድም ወጣት አለመታየቱን አስታውሰዋል። «ልጆቹ ከእጃችን ሳያመልጡ አንድ ነገር እናድርግ» ካሉ በኋላ፣ የወጣቶች ምክር ቤት ማስመረጫ ደንብ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርበዋል።

አጀንዳ 1፦ የፊሊፒንስን ልምድ መስማት

ወ/ሮ ማሪሴል በሆላንድኛ እየተናገሩ፣ ወ/ሮ ብዙወርቅ ወደ አማርኛ እየመለሱ እንደተብራራው፣ በፊሊፒንስ በየባራንጋዩ የወጣቶች ምክር ቤት በሕግ ይመረጣል። መራጩ ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ፣ ተመራጩ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አራት ዓመት መሆን አለበት። የተመረጠውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሥልጠና ይወስዳል።

ባራንጋይ ምንድን ነው ተብለው የተጠየቁት ወ/ሮ ብዙወርቅ «ቀበሌ በሉት» ብለዋል። በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩ «ቀበሌ» እና «ወጣት» የሚሉት ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዳይገቡ ጠይቀዋል። እንግዳዋ ለምን ብለው ሲጠይቁ፣ በወጣትነታቸው ከአገር የወጡት በዚሁ ዓረፍተ ነገር ምክንያት እንደሆነ አስረድተዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ «ሰፈር» እንዲባል ተወስኗል።

ወ/ሮ ማሪሴል አክለው፣ አዲሱ ሕግ ከወጣ ዓመት ቢያልፈውም ምርጫው ወደፊት ስለተገፋ እስካሁን ማንም እንዳልተመረጠበት ገልጸዋል። ሊቀመንበሩ ከሰሙት ሁሉ ይህ አሠራር የበለጠ እንደጣማቸው ተናግረዋል።

አጀንዳ 2፦ ወጣት ማን ነው?

የወጣቶች ተጠሪው አቶ ማንደፍሮ፣ ወጣትነት የመንፈስ ጉዳይ ስለሆነ ጣሪያው አርባ ሰባት ዓመት እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ አርባ ስድስት መሆኑን አልሸሸጉም። ሐምራዊት የአቶ ማንደፍሮ ልጅ ኤዶም ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠይቃ፣ ሃያ አንድ መሆኑ ታውቋል። አባትና ልጅ ለአንድ ወንበር ሲወዳደሩ እናትየው ለማን ድምፅ ትሰጣለች የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። አቶ ማንደፍሮ ይህ ጥያቄ እንዳይመዘገብ አሳስበዋል፤ ማሳሰቢያቸው ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የፊሊፒንሱ ዕድሜ እንዳለ ጸድቋል። ለአቶ ማንደፍሮ «የቀድሞ ወጣት» የሚል ማዕረግ እንዲሰጥ የቀረበው ሐሳብ በሦስት ተቃውሞና በራሳቸው ድጋፍ ወድቋል።

አጀንዳ 3፦ ዝምድና

ወ/ሮ ማሪሴል እንዳስረዱት፣ በዚያው አካባቢ በምርጫ ሥልጣን የያዘ ሰው ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ለወጣቶች ምክር ቤት መወዳደር አይችልም። ሥልጣን የቤተሰብ ርስት እንዳይሆን ነው። አቶ ማንደፍሮ «ሕግ ማለት ይህ ነው!» ብለው አጨብጭበዋል። አንቀጹ ያለ ምንም ውይይት በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ከዚያ ዕጩ ጥቆማ ተጀመረ። ሐምራዊት የምክትል ሊቀመንበሯ ልጅ በመሆኗ ወደቀች። ኤዶም በአባቷ፣ የሊቀመንበሩ የልጅ ልጅ ዮሐንስ በአያቱ፣ የአቶ ባዩ ሁለት ልጆችም በሌሉበት ወደቁ። ሌላ ወጣት አልተገኘም። አቶ ማንደፍሮ የእኛን ልጆች ለዴን ሃግ ማኅበር ሰጥተን የእነሱን እንድንቀበል ሐሳብ አቀረቡ። ሊቀመንበሩ ግን ከዴን ሃጎች ጋር በአንድ ድምፅ ማጉያ ምክንያት ከተኳረፍን መቆየታችንን አስታውሰዋል።

በዚህ መካከል ወ/ሮ ማሪሴል አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወ/ሮ ብዙወርቅ ግን አልተረጎሙትም። ሐምራዊት ልትተረጉም ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«ሕጉ የሚከለክለው ሥልጣን ላይ ያለውን ሰው ዘመድ ብቻ ነው። ሹሙ ከወረደ ልጁ ይወዳደራል። እኔ ከአሁን ጀምሮ ወርጃለሁ።»

ሊቀመንበሩ ይህ ትርጉም ነው ወይስ መልቀቂያ ብለው ጠየቁ። ወ/ሮ ብዙወርቅ «ሁለቱም» ሲሉ መለሱ።

ሐምራዊት «ማሚ፣ ተይው» አለች። ወንበር እንዳልጠየቀችም ተናገረች። ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ ስትባል የሰጠችው መልስ ቃል በቃል ይኸው፦

«የሄሜንተ (የማዘጋጃ ቤት) ደብዳቤ ሲመጣ የምናነብላችሁ እኛ ነን። ሀኪም ቤት ገብተን ስለ እንቅልፋችሁ፣ ስለ ሆዳችሁ የምንናገረው እኛ ነን። እዚህ ስንመጣ ግን አፍ የለንም። ዮሐንስ ባለፈው ሊናገር ሲነሣ አማርኛህን አስተካክለህ ና ተባለ። ሊያስተካክል እንደሄደ አልተመለሰም።»

ይህን ያሉት ሊቀመንበሩ ራሳቸው በመሆናቸው ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። አቶ አድማሴ ሐምራዊትን በዝግታ «ዮሐንስን ታገኙታላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«በየሳምንቱ፣ ቅዳሜ ማታ። አምስተርዳም ኖርድ፣ ከውኃው ማዶ፣ እሱ ቤት። ኤዶምም ትመጣለች፤ የጋሽ ባዩ ልጆችም አሉ። አማርኛ እንማራለን። እሱ ነው የሚያስተምረን።»

አቶ ማንደፍሮ ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ላይ ናት ብለው ያምኑ እንደነበር ለጉባኤው ገለጹ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ያለ ተጨማሪ ውይይት፣ ዛሬ በሦስቱም አጀንዳዎች የተወሰነው በሙሉ ተሰርዟል። የወ/ሮ ብዙወርቅ መልቀቂያም አብሮ ተሰርዟል፤ እሳቸው ተቃውመዋል። ደንቡን ወጣቶቹ ራሳቸው ኖርድ ላይ እንዲያረቅቁ፣ ለቀረው ጊዜም ሐምራዊት ስብሰባውን እንድትመራ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰብሳቢ ስለሆኑ ጸሐፊው ከዚህ በኋላ በአንቱታ ይመዘግባቸዋል።

አቶ አድማሴ እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢዋ ወ/ሪት ሐምራዊት «እሺ ጋሼ፣ ተናገር» ብለው ፈቀዱላቸው።

«እኔስ ብመጣ?» አሉ አቶ አድማሴ።

ሰብሳቢዋ ጥቂት አሰቡ። «ና» አሉ። «ግን ዮሐንስ ሲያስተምር አታርመው።»

አቶ አድማሴ ቃል ገቡ። ስብሰባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በሰብሳቢዋ ተዘግቷል። ወደ ኖርድ የሚያሻግረው ጀልባ ከየት እንደሚነሣ አቶ አድማሴ የጠየቁት ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ፣ መልሱ በዚህ ቃለ ጉባኤ አልተካተተም።