የጠርሙሶች ማኅበር

ብረት በያጁ ልሳነወርቅ ከመጠጥ ጋር ትግል ከገጠመ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ሰንብቷል። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን በተቀመጠበት ሸለብ አደረገውና ሕልም አየ። ያየውም ይህን ነው።

እግሩ እንደ ለመደው ወደ እማማ አስካለ አረቄ ቤት ወሰደው። እማማ አስካለ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በሩን ዘግተውታል።

«አትገባም!» አሉት። «መጀመሪያ ማኅበሩን ፈልግ!»

«የምን ማኅበር?»

«መጠጥ የሚተውበትን ነዋ! እኔም ስፈልገው ውዬ አጣሁት። ስታገኘው ንገረኝ፤ ቤቱን ዘግቼ እመጣለሁ።»

ሰፈሩ ሁሉ ተገልብጧል። ድሮ ባየው ቁጥር ከንፈሩን የሚመጥጠው ጎረቤቱ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከብየዳ ሱቁ ፊት ወረፋ ይዘው፣ «ጌታዬ፣ ጉዳዬን ቢያዩልኝ? ነገ ተመለስ እንዳይሉኝ አደራ!» እያሉ ለመኑት። አህዮች ሚኒባስ ውስጥ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ ሰው ደግሞ ጭነቱን ተሸክሞ በአስፋልቱ ዳር ያዘግማል። የሚኒባሱ ረዳት ፍየል ናት። በሩ ላይ ተንጠልጥላ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጣራለች።

«ማኅበር! ማኅበር! አንድ ሰው የቀረው!»

ልሳነወርቅ ደነገጠ። በእውኑ ዓለም ይህን ማኅበር ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈራ ተባ ሲል ነበር የከረመው። ማንን ይጠይቃል? ጠይቆስ በማን ፊት ያልፋል? ይህች ፍየል ግን በአደባባይ ትጣራበታለች።

«ኧረ ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል» አላት።

«እንዲሰማ አይደል የምጮኸው? ግባ! ጠጋ ጠጋ በሉለት እናንተ!»

አህዮቹ ጠጋ ጠጋ አሉለት። አጠገቡ የተቀመጠችው፣ ጠና ያለች አህያ፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው።

«በርታ ወንድሜ። እኛም ጭነት የተውነው እንዲህ ተያይዘን ነው።»

ሚኒባሱ እንደ ከነፈ አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ጠርሙሶች ነበሩ። ሰዎች ደግሞ ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ ተደርድረዋል፤ አፋቸው በቡሽ ተወትፏል። ስብሰባውን የምትመራው አንዲት ትልቅ የጠላ ጋን ናት።

አንድ የአረቄ ጠርሙስ ተነሳ።

«ስሜ አረቄ ይባላል። ሰው እጠጣለሁ።»

«እንኳን ደህና መጣህ አረቄ!» አሉ ጠርሙሶቹ።

«ስጀምር ለጨዋታ ያህል ነበር። ከአንድ በያጅ የቅዳሜ ማታውን ብቻ ተጎነጨሁ። ጣፈጠኝ። ከዚያ የእጁን ጽናት ጠጣሁ፤ ብየዳው ይወላገድ ጀመር። ሳቁን ጠጣሁ። ሚስቱ ይርጋለም ‹ተው በፈጠረህ› እያለች ስታለቅስ እሰማ ነበር፤ ማቆም ግን አቃተኝ። ልጁ ምሥጢር ኮቴውን ስትሰማ አልጋ ሥር እስክትደበቅ ድረስ አባትነቱን ጨለጥኩት። አሁን ከሥሩ ትንሽ ቀርታለች። ያቺን ትንሽ... ያቺን እንዳልነካት እርዱኝ።»

ጋኗ ከመቀመጫዋ ተነሳችና አረቄውን አቀፈችው። ሁለቱም እንዳይሰበሩ በጣም ተጠነቀቁ።

ልሳነወርቅ መናደድ ነበረበት። በያጁ እሱ ነው፤ አረቄው ሲጠጣው የኖረው ሰው ራሱ ነው። ነገር ግን ዓይኑን ከጠርሙሱ ላይ መንቀል አልቻለም። እንዲህ ያለ ድፍረት ዕድሜ ልኩን አይቶ አያውቅም። እሱ ለይርጋለም እንኳ ተንፍሶት የማያውቀውን ነገር ይህ አንገተ ቀጭን በሰው ፊት ቆሞ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረው። የሳቀበት የለም። ልምከርህ ያለው የለም። ዝም ብለው ሰሙት፤ መስማታቸው ብቻውን ጠርሙሱን ቀና አደረገው። «ጀግና ማለት እንዲህ ነው» አለ ልሳነወርቅ በልቡ።

«አንተስ ልጄ?» አለችው ጋኗ ዞር ብላ።

ሊመልስላት ቢል አፉ አልከፈት አለው። ለካ የእሱም አፍ በቡሽ ተወትፏል! ጎተተ፤ እምቢ አለው። አረቄው ሮጦ መጥቶ አብሮት ጎተተ። ፍየሏም ደርሳ ቡሹን በጥርሷ ነከሰች።

«አይዞህ! ሊወጣ ነው!»

ቡሹ ጧ ብሎ ሲፈናጠር ሁሉም ወለሉ ላይ ተንጋለሉ። ልሳነወርቅ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኸ።

«ልሳነወርቅ እባላለሁ! መጠጥ አሸንፎኛል! እርዱኝ!»

በገዛ ጩኸቱ ነቃ።

ክብ ሠርተው በፕላስቲክ ወንበር የተቀመጡ ሰዎች ትክ ብለው ያዩታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣበት፣ «ዛሬ ሰምቼ ብቻ ውልቅ እላለሁ» ብሎ በሩ አጠገብ የተቀመጠበት የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነበር። ጭንቅላቱ ያረፈው ከጎኑ በተቀመጡት ሽማግሌ፣ በጋሽ ኃብተየስ ትከሻ ላይ ነው። ኮታቸው በለሃጩ ርሷል።

«እንኳን ደህና መጣህ ልሳነወርቅ!» አለ ቤቱ ሁሉ ባንድ ድምፅ።

ልሳነወርቅ ፊቱ ቀላ።

«ይቅርታ አባባ... እንቅልፍ ጥሎኝ...»

«ግድ የለም ልጄ» አሉ ጋሽ ኃብተየስ፣ ትከሻቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «እየተናገርኩ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያንተ ግን ይብሳል። ቀጥል።»