አያ ኑርዬ ዝም ያሉ ዕለት

በዚህች ምድር ላይ ጫት ከሚቅም ሰው ይልቅ የሚያደክመው ጫት የተወ ሰው ነው። የሚቅመው ቢያንስ ከምሳ በኋላ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ሲመረቅን ዓለምን በሐሳቡ ገንብቶና መልሶ አፍርሶ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። የተወው ግን ማረፊያ የለውም። ሠርግ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ለቅሶ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ከደሴ ስትመለሱ መኪና ውስጥ ጎናችሁ ይቀመጣል። "እኔ እኮ ድሮ..." ብሎ ከጀመረ መስኮት መክፈት አያድንም፤ ከነፋሱ በላይ ይጮኻል። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። የኛ የሐይቅ ከተማ ድርሻዋን ጠቅልላ በአንድ ሰው ወስዳለች። እሳቸውም ክቡር አያ ኑርዬ ናቸው፣ የተዉ ሰዎች ሁሉ አለቃ።

አያ ኑርዬ ድሮ መናኸሪያ ውስጥ ተሸካሚ ነበሩ። የተሸከሙበት ሁሉ ቅጠል ሆኖ ይቀር ነበር፤ ይህን የምነግራችሁ ሐሜት ወድጄ ሳይሆን ራሳቸው በየቀኑ ስለሚነግሩን ነው። ዛሬ መንገድ ዳር አሳ ጠብሰው ይሸጣሉ፣ ግራጫ ኮትም ይለብሳሉ። በጋ ክረምት ሳይሉ፣ ከሚንጣጣው ዘይት ፊት ለፊት፣ ኮቱ ከላያቸው አይወርድም። የመተዋቸው ማስረጃ እሱ ነውና ጫፉን ይዘው "ከኔ በላይ ምስክር ላሳር ነው!" ይላሉ።

የሰፈራችን ልጅ የኢቲሳም ሠርግ ላይ ምን እንዳደረጉ ውጫሌ ድረስ ይወራል። ሽማግሌዎቹ እየመረቁ ሳለ ተነሥተው ሙሽራውን "ልጄ፣ እስቲ ምላስህን አውጣ" አሉት፤ አረንጓዴ መሆን አለመሆኑን ሊያዩ ነው። ሙሽራው በድንጋጤ አወጣ። "ማሻአላህ፣ ንጹሕ ነው! ቀጥሉ!" አሉና ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፍየላቸው ሰው ቅሞ የጣለውን የጫት ገራባ ስትበላ ደርሰው፣ መንገድ ላይ አቁመው ሲመክሯት በዓይኔ አይቻለሁ። ፍየሏ እያኘከች ሰማቻቸው።

እኔ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ሰዑድ ከሳዑዲ ከተመለሰ ወዲህ ጫት ይዞት ነበር። ሁለት ጊዜ ተወው፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰበት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲተው ጎረቤታችን ጋሽ ፈንታሁን ባጃጁን ሰጠውና "አፍህ ውስጥ ሳይሆን እጅህ ላይ እንኳ ቅጠል ካየሁ ቁልፌን ታመጣለህ" አለው። ሰዑድ ደግሞ ለእኔ ብቻ የነገረኝ ነገር አለ፤ ቁልፉ ከተወሰደ በባሕር አድርጎ፣ በዚያው ሰው በሚያልቅበት መንገድ ወደ ሳዑዲ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ያቺ ባጃጅ በከተማው ውስጥ ስትንጫጫ በሰማሁ ቁጥር አልሐምዱሊላህ እል ነበር።

አያ ኑርዬ ሰዑድ መተዉን የሰሙ ዕለት በወንድሜ ላይ ተሾሙ። ከምሳ በኋላ፣ ልክ የጫት ሐራራው በሚነሣበት ሰዓት፣ ወደ ስፌት ቤቴ ይመጣሉ፤ ሰዑድም ለምሳ እዚያው ነው። በርጩማው ላይ ተቀምጠው እስከ አስር ሰዓት ያወራሉ። ተሸካሚ ሳሉ የወደቀባቸው ጆንያ፣ ጫት ያቆሙ ሰሞን በእንቅልፋቸው እየመጣ ያነቃቸው የነበረው ዱካክ፣ ኮቱ የተገዛበት ዕለት። ያው ታሪክ ነው፣ በዚያው ቅደም ተከተል። አንድ ቀን መሮኝ ከውስጥ ሆኜ "ሰሚሃ የለችም በሏቸው" አልኩ። "ድምፅሽን ሰምቻለሁ ሰሚሃ!" አሉ። "እስክትመጪ እጠብቃለሁ።"

በዚህ መሃል ሰላማዊት የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ጥናቷ ከሱስ ስለወጡ ሰዎች ነው፤ ምን እንዳወጣቸው፣ ከወጡ በኋላስ ኑሯቸው ከፍ አለ ወይስ እዚያው ነው የሚለውን ትጠይቃለች። አያ ኑርዬ ይህን ሲሰሙ አላህ ለእሳቸው ብሎ የላካት መሰላቸው። ቃሉን እሳቸው እንዲሰጡ፣ የሌሎቹንም መልስ እሳቸው እንዲሞሉ ጠየቁ።

"ኑሮዎ ተለውጧል?" አለቻቸው። ቆመው ዞረው ኮቱን ከኋላም ከፊትም አሳዩዋት።

"ስምዎ ግን አይጻፍም፤ በምስጢር ነው የሚያዘው" አለች።

ፊታቸው ተለወጠ። "ስሜ ካልተጻፈ ታዲያ እኔ ምን ቤት ነኝ የምናገረው?"

"ሕጉ ነው፣ አባቴ።"

ብዙ ካሰቡ በኋላ "እሺ፣ ኮቱን ጻፊው" አሉ። "ሰው በኮቱ ያውቀኛል።"

የሚያስጨንቀው ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአክስታችን የረቢያ ልጅ ከሕመሙ ተነሥቶ ወዳጃ ተጠራ። በኛ አገር ወዳጃ ላይ ዱዓ ይደረጋል፣ ቅጠሉም አብሮ ይዞራል፤ ክርስቲያኑ ጎረቤትም አይቀርም፣ ጋሽ ፈንታሁንም ከወንዶቹ መሃል ተቀምጧል። የአክስት ቤት ነውና ሰዑድ አልሄድም ማለት አይችልም። አያ ኑርዬም ሳይጠሩ መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። ዱዓውን ለሚመሩት ለሸህ ዑበይዱላህ ግን ልጁ መተዉን የነገራቸው የለም። እፍኝ ቅጠል አንሥተው ወደ ሰዑድ ዘረጉና "ያዝ ልጄ፣ አላህ ሥራህን ያቅናልህ" አሉ። ሽማግሌ መርቆ የሰጠውን ቅጠል መመለስ ምርቃቱን መመለስ ነው። ወንድሜ በሁለት እጁ ተቀብሎ "አሚን" አለ።

እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አየዋለሁ። አንገቱን ደፋ። ጣቱ ቀንበጡን መልቀም ጀመረ። እጁ ወደ አፉ ተነሣ። አያ ኑርዬ ለጎረቤታቸው የጆንያውን ታሪክ እያወሩ ነበር። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ሰደዱና ቅጠሉን ከነቀንበጡ ከልጁ እጅ ጠራርገው ወሰዱት። ልክ በዚያች ቅጽበት ጋሽ ፈንታሁን ዞር አለ።

"ኑርዬ!" አለ። "አንተም? የያዝከው ምንድን ነው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "አለቃው ተመለሱ!" አለ አንዱ። ሁላችንም ንግግራቸውን ጠበቅን፤ አያ ኑርዬ ስለ ራሳቸው ለመናገር ጉባኤ እንጂ ምክንያት አይፈልጉም። እሳቸው ቅጠሉን አዩ፣ የተደፋውን የሰዑድን አንገት አዩ። "እንግዲህ ሰው ነኝ" አሉና እፍኙን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እኔም ብናገር ቁልፉ የሚሄድ ነውና አፌን ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ተጫወተባቸው። አሳ የሚገዛው ሁሉ "አያ ኑርዬ፣ እስቲ ምላስዎን ያውጡ" ይላቸዋል። ኮቱን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉት። ስፌት ቤቴ መምጣታቸውን ግን አልተዉም፤ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። ያን ወሬ አንድ ቀን ይናፍቀኛል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር፤ ናፈቀኝ።

ሰላማዊትም ሰምታ ኖሮ መቅረጫዋን ይዛ አሳ መጥበሻው ዘንድ መጣች። እኔ ለምሳ አሳ ልገዛ ቆሜያለሁ፤ ጋሽ ፈንታሁን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይበላል።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አገርሽቶብዎት ከሆነ ከተዉት ሰዎች ጋር ልጽፍዎት አልችልም" አለች በቀስታ።

ያን ሁሉ ቀን የጓጉለት ጥናት ነው። አያ ኑርዬ ምስማሩ ላይ ያለውን ኮት አዩት። ከዚያ አሳውን ገለበጡ። መቅረጫው የዘይቱን ድምፅ ብቻ ቀዳ።

ባጃጅ ቆመ። ሰዑድ ወርዶ መጣና ቁልፉን ከጋሽ ፈንታሁን ሳሕን አጠገብ አስቀመጠ።

"ቅጠሉ የኔ ነበር፣ ጋሼ። ሸሁ ለኔ ነው የሰጡኝ። ወላሂ ልቅመው ነበር፤ አያ ኑርዬ ናቸው ከእጄ የነጠቁኝ። እሳቸውን አትስደቡብኝ።"

ጋሽ ፈንታሁን ከአፉ አጥንት አወጣ። "ቃምክ?"

"አልቃምኩም።"

"ከዚያ ወዲህስ?"

"የለም። አንድም።"

"ታዲያ የኔን ቁልፍ ዘይት ላይ የምትጥለው ምን ሆነህ ነው? መናኸሪያው በሰው ሞልቷል፤ ሂድ ሥራ!"

እፎይ! ብዬ አግዳሚው ላይ ተዘረፈጥኩ። ስቄም አልቅሼም መሰለኝ፤ አንድ ላይ ስለመጣ አልለየሁትም። ሰዑድ ቁልፉን አንሥቶ የአያ ኑርዬን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሳቸው "ዘይት ነው፣ ዘይት ነው" እያሉ ሸሹት።

"ቆይ፣ ቅጠሉስ የት ገባ?" አለች ሰላማዊት።

አያ ኑርዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ፍየሏ ናት ከኪሴ አውጥታ የበላችው። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ካጥር ላይ አትወርድም። አሁን እሷን ላስተዋት እየታገልኩ ነው።" ይህን ብለው ኮቱን ከምስማሩ አወረዱ፣ ለበሱ፣ አዝራሮቹን ቆለፉ። "በይ ልጄ፣ አሁን ክፈችው። ከጆንያው እንጀምር።" የመቅረጫው ባትሪ እስኪያልቅ አወሩ።

ከዚያ ወዲህማ አይቻሉም። የወዳጃው ታሪክ ከጆንያው ታሪክ ላይ ተጨምሮ ንግግራቸው ረዝሟል፤ በየዙሩም የሚነጥቁት እፍኝ ወደ ነዶ እያደገ ነው። ስመጣ ስሄድ "ያ ረቢ፣ ገላግለን!" እላለሁ። ይህን የምለው ግን በርጩማውን ጥላ ውስጥ አስቀድሜ ካወጣሁ በኋላ ነው።

ትናንት ዘገዩ። ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈ፣ በርጩማው ባዶውን ቀረ። መቀሱን አስቀምጬ መንገዱን ልይ ብወጣ፣ ሰዑድ ባጃጁን በሬ ላይ አቁሞ እሱም አንገቱን አስግጎ ያያል። ተሳፋሪዋ ከኋላ ሆና "ምንድን ነው የምንጠብቀው?" ብላ ተቆጣችው። እሱ ሳይመልስላት በማዶ ግራጫው ኮት ብቅ አለ፤ በአንድ እጅ ፍየሏን በገመድ እየጎተቱ፣ በሌላው እየመከሯት።