የደንከን ልጆች

ፈረንጅ ጨረቃ ላይ ይወጣል እንጂ ዘር መቁጠር አይችልም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም... ታላቅ ወንድሜ ታምራት ነው። ያለውም አንድ ሰኞ ቀን፣ እንግሊዝ አገር፣ ክላፋም ከሚገኘው ቤታችን ብዙም በማይርቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ያን ሰኞ እንደ ማንኛውም ሰኞ ቆጥሬው ነበር።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንድ ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ይኖራሉ፤ ሚስተር ማክሬ። ታምራት ሽማግሌን በደረቁ መጥራት ስለማይሆንለት «ጋሽ ማክሬ» ይላቸዋል። እሳቸው ማዕረግ መስሏቸው፣ ሲጠሩ ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የሚያብሰለስላቸው አንድ ነገር ነው። ጥንት፣ አሜሪካ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳለች፣ ደንከን ማክሬ የሚባል የቅድመ አያታቸው አባት አጎት በመርከብ ሄደ። የሰፋሪው መንደር አልቆ ጫካው እስከሚጀምርበት ጠረፍ ዘለቀ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዘር ተክቶ ይሆን? ወይስ የእነሱ ቤት በእሳቸው ሊዘጋ ነው?

«ዘር መቁጠሩን ለእኛ ይተዉት» አላቸው ታምራት። «እኔ እስከ ሰባት ቤት ሳልተነፍስ እቆጥራለሁ።»

እውነቱን ነው፣ ይቆጥራል። እኔ አራተኛው ላይ ስደርስ ነው ትንፋሽ የሚያጥረኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ የእነዚያን የጠረፍ መንደሮች የጥምቀት መዝገብ፣ ገጾቹ ፎቶ የተነሡበትን ፊልም፣ ተውሶ ከአሜሪካ አስመጣልን። ፊልሙን ማሽን ላይ አድርጎ እጀታውን እያዞሩ ማንበብ ነው። ታምራት ያዞራል፣ እኔ አነባለሁ፣ ጋሽ ማክሬ ያንቀላፋሉ። ዘዴያችን ቀላል ነበር። እኔ ደረጀ በቀለ የተባልኩት አባቴ በቀለ ስለሆነ ነው፣ አይደል? እንግዲያው ደንከን ልጅ ወልዶ ከሆነ፣ ልጁ እገሌ ደንከን ይባላል። እናንተስ ብትሆኑ ሌላ ምን ታስባላችሁ?

ያን ሰኞ ታምራት ሽማግሌውን በደስታ ቀሰቀሳቸው።

«ጋሽ ማክሬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት።»

«አገኛችሁት?»

«እሱን እንኳ ገና ነን። ልጆቹን ግን አገኘን። ጆን ደንከን፣ ሜሪ ደንከን፣ ዊልያም ደንከን... ሰውዬው ሥራ አልፈታም፣ መንደሩን ሞልቶታል።»

ጋሽ ማክሬ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። አወለቁትና ጠርገው እንደገና አዩ።

«እነዚህ የሌላ ቤት ሰዎች ናቸው። የእኔ ደንከን ልጆች የሚባሉት ማክሬ ነው።»

«ማክሬ የደንከን አባት አይደለም እንዴ?»

«አባቱም ማክሬ ነው።»

«አያቱስ?»

«ማክሬ።»

«ቅድመ አያቱ?»

«ማክሬ ነዋ!»

ታምራት ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ሰባት ቤት ሙሉ አንድ ስም? ታዲያ ምኑን ቆጠሩት?» አለ። ስለ ጨረቃዋ የተናገረው ይሄኔ ነው።

ሽማግሌውን ግን ነገሩ ገረማቸው። «እናንተ አገር የሰው ስም እስከ የት ይሄዳል?» አሉ።

«ልጁ ይሸከመዋል። የልጅ ልጅ ጋ ሲደርስ ጡረታ ይወጣል።»

«ልጅ ከሌለውስ?»

ታምራት ራሱን አከከ። «እሱማ... እሱማ ቶሎ ማግባት ነው ያለበት» ብሎ ሳቀ።

ፊልሙ ወደ አሜሪካ የሚመለሰው በማግስቱ ነበር። እኛ ደግሞ ጊዜያችንን የሰው ልጅ ስንቆጥር ጨርሰነዋል። «ነገ በጠዋት መጥተን ማክሬ ማክሬውን እንለቅማለን» አላቸው ታምራት። «ቃሌ ነው።»

ማታ ለሥራ ሲሄድ፣ ሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ልቡ ቆመ።

ይህን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚያስረዝሙት አላውቅም። አጭር ይሁን።

ሲነጋ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። እንግሊዝ አገር ከመጣን ጀምሮ እንደ እናት የያዙን እትዬ አስናቀች አጠገቤ ተቀመጡ። ጋሽ ማክሬ ጥቁር ከረባት አስረው በሩ ላይ ቆሙ። ስለ ፊልሙ ትንፍሽ አላሉም። እኔ ግን ተነሥቼ ኮቴን ለበስኩ።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ አስናቀች።

«ላይብረሪ።»

«አበስኩ ገበርኩ... ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል?»

«ታምራት ቃል ገብቶላቸዋል፣ እትዬ። ፊልሙ ዛሬ ይሄዳል።»

«እኚህ ፈረንጅ የታምራት ምኑ ናቸው?»

ምን ልበል? «ጋሽ ማክሬ ናቸው» አልኩ። እትዬ አስናቀች «ጋሽ» የሚለውን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እግዜር ያጥናዎት» አሏቸው፣ በአማርኛ። ሽማግሌውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ።

ማሽኑን እኔው አዞርኩ፣ እኔው አነበብኩ። ጋሽ ማክሬ ያን ቀን አላንቀላፉም። ጫካው ዳር ወዳለችው የመጨረሻዋ መንደር መዝገብ ስንደርስ ወጣ። አባት፦ ደንከን ማክሬ። የተጠመቀው ልጅ፦ አንገስ ማክሬ።

ሽማግሌው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ቆዩ።

«አንገስ አገር ቤት የቀረው ወንድሙ ስም ነው» አሉ። «የእኔ ዘር የመጣው ከእሱ ነው።»

«ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም። ግን ባሕር ለያያቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። በልጁ ነው ሲጠራው የኖረው።»

ከቤተ መጻሕፍቱ ስወጣ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር አስብ ነበር። ቤት ስገባ እትዬ አስናቀች ጠበቁኝ።

«ይሄ ላይብረሪ ምን ሰጠህ?»

«ለልጄ ስም።»

«የምን ልጅ? ሚስት የለህ፣ እጮኛ የለህ።»

«ታምራት ደረጀ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና፣ ምነው ባልነገርኳቸው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከነጠላው ውስጥ ድምፃቸው መጣ።

«ዋይት ሲቲ ሰፈር... አንዲት ጨዋ ልጅ አውቃለሁ።»