ሰባተኛው ክፍል ላይ ያሉት እጆች

የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን የካርቱን ፊልም፣ አፍቃሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ካምፓላ ኑና ጓደኛዬን ሳምሶንን ላስተዋውቃችሁ። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲሸከም ይውላል፤ ከሥራ ሲወጣ ግን የጃፓን ስቱዲዮዎች ሁሉ ዳኛ ነው። የቱ ሥዕል ነፍስ እንዳለው፣ የቱ በጥድፊያ እንደተሠራ ይበይናል። ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ሳይከፍል አውርዶ የሚያይ ሰው ነው። «የሰው ላብ እኮ ነው!» ይላል። እሱስ ከየት ያያል? ዳኛ ይጠየቃል እንዴ?

ባለፈው እሑድ እኔ በምኖርበት በኪዋቱሌ ሰፈር ጎረቤቴ ምሳ ጋበዘችን። ዩኪ የምትባል ጃፓናዊት የሥራ ባልደረባዋም መጥታ ነበር። ሳምሶን ደስታውን አልቻለውም፤ የሚወደውን ተከታታይ ፊልም በእንግሊዝኛ ይተነትንላት ጀመር። «ሰባተኛው ክፍል ላይ ግን እጆቹን ማን እንደሣላቸው እንጃ! ሹካ ነው የሚመስሉት» አላት።

«እኔ ነኝ» አለች ዩኪ ቀስ ብላ። «ያኔ ሥራዬ እሱ ነበር። ክፍሉን ለማድረስ ሦስት ሳምንት ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ነው የተኛሁት።»

ሳምሶን የያዘውን ሹካ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«እዚህ አገር አይሸጥም እኮ፤ ከየት አገኘኸው?» ስትለው ደግሞ አንገቱን ደፋ።

«ሰርቄ ነው። ይቅርታ።»

ዩኪ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «እኔ ራሴ የለኝም። እናቴ የሠራሁትን አይታው አታውቅም። ኮፒ ታደርግልኛለህ?»