ክቡር አቋራጭ ለፈተና ሲቀርቡ

ጠፍቶ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። መንገድ ብትጠይቀው «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም፤ እጁን ያነሳና ወደ አንዱ አቅጣጫ ይጠቁምሃል፣ አንተም አምነህ ትሄዳለህ፣ ማታ እግርህን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ። ሠርግ ተጠርቶ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ይገኛል፤ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ የማያውቃቸውን ሙሽሮች መርቆ ይወጣል። ተሳስተህ ነበር ብትለው «አልጠፋሁም፤ በአቋራጭ ነው የመጣሁት» ይልሃል። ተከራክሮ የረታው ሰው የለም።

የማታው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ አጃቢ እንዲህ ያለውን ሰው በሩቁ ነበር የምታውቀው። ሥራዋ ተማሪዎች ለፈተና ሲቀርቡ አብራ ፒያኖ መጫወት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚሮጠው ጋር እየሮጠች፣ የሚንቀጠቀጠውን እየደገፈች ኖራለች፤ አንዴም ያለቀሰ ተማሪ አፍንጫውን አብሶ እስኪጨርስ መግቢያውን አራት ጊዜ ደጋግማ ተጫውታለታለች። «እኔን የሚያመልጠኝ ተማሪ ገና አልተወለደም» ትል ነበር። ለካ ተወልዶ ኖሯል፤ ያውም ከሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት።

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ክቡር አቋራጭ የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው እሷ ናት፣ በሆዷ። ክላርኔት ሲነፉ ድምፃቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል፤ ደረታቸው ሰፊ ነው፣ ትንፋሻቸውም አያልቅም። ችግራቸው ዝምታ ላይ ነው። በሚፈተኑበት ዜማ መሃል ክላርኔቱ አሥራ ስድስት ምት ዝም ብሎ ፒያኖው ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ አለ። ተማሪው በልቡ አሥራ ስድስት ቆጥሮ ተመልሶ ይገባል። ክቡርነታቸው ግን አይቆጥሩም። አንድ ትንፋሽ ይስቡና ቀጥ ብለው ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን አጃቢዋ አራተኛው ምት ላይ ሳለች ክላርኔቱ ከፊቷ ሲዘፍን ሰማች። ኖታዋን አየች። ጣቶቿን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገች። ክላርኔቱ ጭራሽ እየራቀ ሄደ፤ እሳቸው ጨርሰው መሣሪያቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ እሷ ገና አንድ ገጽ ይቀራት ነበር።

«ጋሼ፣ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ነበርኩ። አንቺ የት ቀረሽ?»

«እኔማ ኖታው ላይ ነኝ። እርስዎ ነዎት የጠፉት።»

«አልጠፋሁም እኅቴ። በአቋራጭ ነው የመጣሁት።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰሙም? አሥራ ስድስት ምት መቆም አለብዎት።»

«ባዶ ነዋ» አሉ፣ በጣታቸው ዝምታውን እየነኩ። «ሠላሳ አራት ዓመት ነድቻለሁ። ሰው የሌለበት ፌርማታ ላይ የሚቆም ሾፌር አይተሽ ታውቂያለሽ? ከኋላ ያለው መኪና በክላክስ ነው የሚያደነቁርሽ።»

«ባዶ አይደለም ጋሼ። እኔ እኮ እዚያ ቦታ ላይ አለሁ፤ እየተጫወትኩ ነው።»

ክቡርነታቸው ወረቀታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ክላርኔት ነፊ የሚሰጠው ኖታ ላይ የክላርኔቱ ድምፅ ብቻ ነው የሚጻፈው። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። «የለሽም» አሏት፣ እያዘኑላት።

አጃቢዋ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው ግራ እንደተጋባች ነበር። ለአፍታ እውነትም የሌለች መሰላት። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ያው ሆነ፤ ክቡርነታቸው ሁልጊዜ አራተኛው ምት ላይ፣ እንደ ሰዓት ሳያዛንፉ፣ ዘለው ይሻገራሉ። እሷ ደግሞ ደረጃ ስትወጣ አራት ቆጥራ አምስተኛው ላይ እየተደናቀፈች ተቸገረች። ባሏ ሻይ ሲቀዳላት «ስንት ስኳር?» ቢላት «አሥራ ስድስት» አለችው።

ነገሩ በሳቅ ብቻ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን ሕግ አለው፤ አንድን ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ተማሪ ይሰናበታል። ክቡርነታቸው ከሌሎች አጃቢዎች ጋር ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ከአጃቢዎቹ አንዱ ከዚያ ወዲህ ሥዕል ማስተማር ጀምሯል ይባላል።

«ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀረኝ» አሏት አንድ ቀን፣ ክላርኔታቸውን ፈታተው ሳጥኑ ውስጥ እየከተቱ። «ይኼን ካለፍኩ የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ እገባለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ልብሴን ለብሼ የምወጣበት ይኖረኛል። ካላለፍኩ መስኮት ስር ቁጭ ብዬ የአውቶቡስ ድምፅ ሳዳምጥ መዋሌ ነው።» ይኼንን ሲናገሩ ቀና ብለው አላዩዋትም።

 አጃቢዋ ቤቷ ገብታ አሰበችበት፤ እሳቸው ካልቆሙላት እሷ ብትዘል ምን አለበት? ቀይ እርሳስ አወጣችና ከአራተኛው ምት ተነስቶ የቀረውን አሥራ ሁለት ምት ተሻግሮ እሳቸው የሚገቡበት ላይ የሚያርፍ ትልቅ ቀስት ኖታዋ ላይ ሳለች። ዝላዩን ሠላሳ ጊዜ ያህል ተለማመደችው። ፈታኞቹ ይንቁባቸው አይንቁባቸው እንጃ፤ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ላይ ይደርሳሉ። እንዳይከፋቸው ብላ ለክቡርነታቸው አልነገረቻቸውም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ፈረቃቸው ስለተቀየረ ልምምድ አልነበራቸውም።

የፈተናው ክፍል ጠባብ ነበር፤ አንድ ፒያኖ፣ አንድ የኖታ ማስቀመጫ፣ ከጠረጴዛ ኋላ ሁለት ፈታኞች። ክቡርነታቸው የሥራ ኮታቸውን አስተኩሰው ለብሰው መጥተዋል። ጀመሩ። መግቢያው አማረ፣ የመጀመሪያው ገጽ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ዝምታው ደረሰ። አጃቢዋ አራት ምት ተጫወተችና ዓይኗን ጨፍና ዘለለች።

ማዶ ማንም የለም።

የተሳሳተች መስሏት ወደ ኋላ ተመለሰች። እዚያም የሉም። እንደገና ወደ ፊት ሄደች። ቀና ብላ ብታይ ክቡርነታቸው ክላርኔታቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሰባት። ስምንት። እየቆጠሩ ነው። እየቆጠሩ! አሁን የት ትሂድ? ግራ እጇ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቀኝ እጇ ማዶ ቀረ፣ ቀዩ ቀስት ዓይኗ ላይ ተጋረጠ። የቸኮለችው እሷ፣ አፍሳ የምትለቅመውም እሷ ሆነች። ከእሷ ጋር ደግሞ የሰውየው ሦስተኛ ፈተና ገደል እየገባ ነው።

አሥራ ስድስት ሞላ። ክቡርነታቸው ክላርኔታቸውን አንስተው የመጀመሪያውን ድምፅ ነፉ፤ ነፍተውም በዓይናቸው ጥግ ወደ ፒያኖው ተመለከቱ። ሠላሳ አራት ዓመት ስፖኪዮ ሲያዩ የኖሩ ዓይኖች ናቸው፤ ከኋላ የሚሮጥ ሰው አያመልጣቸውም። ወደሚቀጥለው ድምፅ አልሄዱም። ያንኑ አንዱን ድምፅ ይዘው፣ ሳያሳጥሩ፣ ሳይንቀጠቀጡ፣ በሩን ከፍተው ቆሙላት። አጃቢዋ እያለከለከች ቦታዋን ፈልጋ አገኘችና ተሳፈረች። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አብረው ሄዱ።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እሷን የጠበቃት ተማሪ ይኼ የመጀመሪያው ነው። እንባዋ መጥቶ የመጨረሻውን ገጽ ያነበበችው በግምት ነበር።

«ቆጠሩ እኮ» አለች፣ ኮሪደሩ ላይ።

«እንዴታ። የአውቶቡሴ ትኬት ቆራጭ ናት ያስቆጠረችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በምሳ ሰዓት፣ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ። አንቺ አይደለሽ እዚያ ፌርማታ ላይ አለሁ ያልሽኝ? ወረቀቱ ላይ ባላይሽም አመንኩሽ። ሰው ካለ መቼም እቆማለሁ።»

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። አልፈዋል። ከውጤቱ ስር ፈታኞቹ ሁለት መስመር አስተያየት ጽፈው ነበር፤ ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጮክ ብለው አነበቡላት። «ተፈታኙ አጃቢያቸውን በትዕግሥት የመጠበቅ የሚያስመሰግን ችሎታ አላቸው። አጃቢዋ ግን የዝምታ ቦታዎችን መቁጠር ቢለማመዱ ይመከራል።»

አንድ ጊዜ ስላልበቃቸው ደገሙት። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞሽ እኅቴ፣ ይለመዳል። ለመሆኑ ያን ቀን ጠፍተሽ ነበር እንዴ?»

ቀይ ቀስት ያለበት ኖታ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አውጥታ ብታሳያቸው ሁሉም ነገር ይገለጥ ነበር። ቦርሳዋን ዘጋችው።

«አልጠፋሁም ጋሼ» አለቻቸው። «በአቋራጭ ነው የመጣሁት።»